ሞጣን ያሰጠ እንቆቅልሽ

በግቢዬ ካለችው አንዲት ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት አስተማሪ ተከራይቶ ይኖራል። ባለፈው ሰሞን ስልጠና ነው ብሎ ደብረ ማርቆስ ከርሞ መጣ። ምን አሠለጠኑህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ትምህርት ሲጀመር ተማሪው እንዲነቃ ማነቃቂያ ማቅረብ አለባችሁ ተባልን፣ አባባ» አለኝ።

«ማነቃቂያው ምንድን ነው?» አልሁት።

«ጨዋታ፣ ጥያቄ፣ እንቆቅልሽ፣ የመሳሰለው።»

ይህንን ለመስማት ነው እንግዲህ ያ ሁሉ አስተማሪ አልጋ ተከራይቶ የከረመው። እኔ ስለ ማነቃቂያ ከሦስት ሰው ተምሬያለሁ፤ አንድም ቀን ማርቆስ ድረስ አላስኬዱኝም። የመጀመሪያው በልጅነቴ ሞጣ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። የእሳቸው ማነቃቂያ አለንጋ ነበር። ያነቃል፤ ሐሰት አልናገርም። እኔን እንዲያውም በጣም ስላነቃኝ ከፊደል ገበታው ተነሥቼ አጎቴ ቤት እስክደርስ አልቆምሁም፣ በዚያውም ቀረሁ። ሁለተኛው ካድሬ ነበር። ሦስተኛዋ የሰው ሚስት ናት። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው፤ ሚስቴም ታውቃለች።

እኔ የሞጣ ሰው ነኝ። ሚስት አገባሁና ቢቸና መጣሁ፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከሚስቴ ወላጆች ማሳ አጠገብ ጎጆ ቀለስሁ። ልጆች ወለድሁ፣ ከብት አረባሁ፣ ጸጉሬ ሸበተ። የቢቸና ሰው ግን እስከ ዛሬ «ያ የሞጣው» ነው የሚለኝ። ዕድሜ ልክህን አብረሃቸው ብታርስ የመጣህበትን መንገድ አይረሱልህም።

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት መጣ። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ይማር ተባለ። የቀረ ደግሞ ማኅበሩ ፊት ቀርቦ ለምን እንደ ቀረ ያስረዳል። መማሪያችን የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ነበር። አዳራሽ ያልሁት እነሱ እንዲያ ስለሚሉት ነው እንጂ የድሮ ባላባት የእህል ማከማቻ ነው። ባላባቱ ተወረሰ፣ አይጡ ቀረ። ትምህርቱ በምን ቀን ይሁን ሲባል ካድሬው አሰበበት። ገበሬ በሬውን የማይጠምደው በበዓል ቀን ነው፤ እንግዲያው በበዓላቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን አለ። እንዲህ አድርጎ ሚካኤልንም ማርያምንም ከእጃችን ፈልቅቆ ለፊደል ሰጠብን። ቄሱም ሊከራከሩት አልቻሉም። በበዓል ማረስ እንጂ መቀመጥ አልተከለከለም።

ካድሬ ማለት ያን ጊዜ መንግሥት ሕዝቡን አንቃ ብሎ የላከው ሰው ነው። ሥራው ማንቃት ስለሆነ ያለ እሱ ትምህርት አይጀመርም። ተነሡ ይለናል፣ እንነሣለን። ግራ እጃችሁን ጨብጣችሁ ወደ ላይ፣ ይለናል። ግራ እጅ በእኛ ዘንድ ለክብር የሚነሣ እጅ አይደለም። ግማሹ ቀኙን ያነሣል፣ ግማሹ ዱላውን ያነሣል፤ ካድሬው በመካከላችን እየዞረ የአንዱን እጅ ያወርዳል፣ የሌላውን ይሰቅላል። ከዚያ ማውደም ነው። ፊውዳሊዝም ይውደም፤ ይውደም! ኢምፔሪያሊዝም ይውደም፤ ይውደም! የሚወድመው ሁሉ ወድሞ ሲያልቅ ጀንበሯ አቆልቁላለች። ይህን ያህል ነቅተን ስንቀመጥ እንቅልፍ እዚያው ይወስደናል። ከጎኔ የሚቀመጠው ጎረቤቴ ጭራሽ ተኝቶ እጁን ማንሣት ለመደ። አንድ ቀን አስተማሪዋ በዘንግ ፊደል እያሳየች «ይህ ማን ይባላል?» ብትለው፣ ብንን ብሎ ግራ እጁን ሰቀለና «ይውደም!» አላት።

አስተማሪዋ ቢቸና ትምህርት ቤት ቀን ቀን ልጆች ታስተምራለች፤ እኛን በላይዋ ጫኑባት። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን እንደ ደወል የሚሰማ ልጅ ናት። ለእኔ ለጺማም ሰው ልጅ ቆማ «ሀ በሉ» ስትል አልዋጥልህ አለኝ። ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥሁና አፌን ዘጋሁ። ሀም አላልሁ፣ ለም አላልሁ። የኔታ በአለንጋ ያላናገሩኝን እሷ በጠመኔ ልታናግረኝ?

በመኸሩ ጊዜ ካድሬው ስብሰባ በዛበትና «መፈክሩን አንቺው አስጀምሪ» ብሏት ሄደ። ያን ቀን እሷ ፊታችን ቆመች፤ እኛም ቆመናል፤ እጃችንን ሰቅለን እንጠብቃለን።

«አንድ ጊዜ ይውደም በሉና ተቀመጡ» አለች።

«ምን ይውደም?» አላት ጎረቤቴ። እሱ ሥርዓት ይወዳል።

«እስከ ዛሬ የወደመው ይበቃል። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። እሷ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ ልክ እሳት ዳር እንደ ተቀመጠ ሰው፣ «እንቆቅልሽ!» አለች።

ትልልቅ ሰዎች ነን። ከመካከላችን የቤተ ክርስቲያን ገበዝ የነበረ አለ፣ ያማለደ አለ፣ ያስታረቀ አለ።

«እንቆቅልሽ ብያለሁ እኮ» አለች። «ምን አውቅልሽ የሚለኝ ጠፋ?»

ከሴቶቹ ወገን አንድ ሁለቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው «ምን አውቅልሽ» አሉ።

«ሰውን ሁሉ ያስገባል፣ ራሱ ግን ገብቶ አያውቅም።»

ወንዱ እርስ በርሱ ተያየ። «በር!» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ መካከል ወጣ። ድምፁን አወቅሁት፤ ቤቴ ውስጥ ዕለት ዕለት እሰማዋለሁ። ሚስቴ ናት። አስተማሪዋ ጠመኔውን አነሣችና በር ብላ ጻፈች። «ይቺ የመጀመሪያይቱ በ ናት» አለች። «በር ላይ አለች፤ በሬ ላይም ያችው ራሷ አለች፤ ቢቸና ላይ ግን መልኳን ለውጣ አለች።» በዚያ ቀን ያ አዳራሽ ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መልሱ ውስጥ ያለው ፊደል የዕለቱ ትምህርት ነው። እንቆቅልሹ ሰውየውን ይቀሰቅሰዋል፣ ፊደሉ ሰውየው ነቅቶ ሳለ ይገባል። የቤቴ ተከራይ ማርቆስ ድረስ የሄደለት ነገር ይኸው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቴ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ «በሩን እኔ አገኘሁት» አለችኝ፤ «አንተ ከደጅ ቀረህ።»

ደስ ያላለውም ነበር። እንቆቅልሽ የማታ ጨዋታ ነው፤ በቀን የተጫወተው ከብቱ ይጠፋዋል ይላሉ በእኛ አገር። ጎረቤቴ ይህን እያጉረመረመ ሄደ፤ በነጋታውም ጊደሩ ጠፋች። የሱ ደስታ! በጊደሯ መጥፋት ከማዘን ይልቅ እሱ ልክ መሆኑ አስደሰተው። «አላልኋችሁም?» እያለ ከቤት ቤት ዞረ፤ አስተማሪዋ ጊደሯን ትክፈለኝ ሊል ምንም አልቀረው። ጊደሯ ግን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ካድሬው ለበቅሎው ካስከበረው ሣር ውስጥ፣ ሆዷ ተወጥሮ ተገኘች። ከባለቤቷ ቀድማ ትምህርት ቤቱን የወደደች ጊደር እሷ ብቻ ናት።

በሚቀጥለው በዓል አስተማሪዋ እንዲህ አለችን፦ «ሁለት ወንድማማች ናቸው። አንዱ ሲቀድም አንዱ ይቀራል፤ የቀረው ደግሞ ይቀድማል፤ ተጣልተው አያውቁም።»

በሬ ነው ተባለ። «በሬ ተጠምዶ እኩል ነው የሚሄድ» አለች። ፀሐይና ጨረቃ ተባለ፤ አይደለም። ተሸነፍን።

«እንግዲያው አገር ስጡኝ» አለች።

የእንቆቅልሽ ሕጉ ይኸው ነው። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ተቀባዩ አገሩን ከወደደው ተቀብሎ መልሱን ይናገራል፣ ካልወደደው ሌላ አምጣ ይላል።

«የጁቤን ሰጥተንሻል!» አለ አንዱ።

«የጁቤ ከገደል አፋፍ ናት፤ ያዞረኛል።»

«ሉማሜን!»

«አልፈልግም።»

«ደብረ ወርቅን!»

«ደብረ ወርቅ መንገድ ላይ ናት፤ አልፋታለሁ።»

«እኮ አልፈሽ የት ልትሄጂ?» አለቻት አንዲት ባልቴት፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሚስቴ እንደ ልማዷ ተነሥታ ቆመች፦ «ሞጣን ስጧት እንጂ! ባሏ እዚያ አይደለ?»

ይህን ጊዜ ነው እኔ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የከፈትሁ። «ሞጣ የእኔ አገር ነው» አልሁ። «ማን ጠይቆኝ ነው የምትሰጡት?»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ድዳ የመሰላቸውም ነበሩ። አስተማሪዋ እጅ ነሣችኝ። «ጋሼ ከፈቀዱልኝ ነው እንግዲህ የምቀበል» አለች።

«ውሰጂው። እኔን አላኖረኝም።»

«ተቀብያለሁ! ሞጣ ገብቼ፣ ከፍ ካለ ወንበር ተቀምጬ፣ ማሩን ለእኔ፣ ሰፈፉን ለእናንተ!» ብላ እየሳቀች መልሱን ነገረችን። እግር ነው። ሰሌዳው ላይ እግር ብላ ስትጽፍ ግን እጇ ዘገም አለ፤ አየሁት።

ነገሩ ሴቶቹ ዘንድ የታወቀ ነበር። አስተማሪዋና ባሏ የተጋቡት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። እሱም አስተማሪ ነው። እሷን ቢቸና፣ እሱን ሞጣ መደቧቸው። እሱ አልፎ አልፎ በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለብሶ ይመጣል፤ አንድ ቀን ውሎ አድሮ ይመለሳል። ክረምት ከገባ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናም የለም፣ ባልም የለም። ዝውውር ጠይቃለች፤ ደጋግማ። የትምህርት ቤቱ ሹም ካድሬውን ሳያማክር ማንንም አያንቀሳቅስም፤ ካድሬው ደግሞ ያላት አንድ ነገር ነው፦ «ትግሉ ባልና ሚስት አይልም።» የሱ ሚስት ቤቱ ውስጥ ነበረች። ምናልባት ትግሉ የማይላቸው የሌላውን ባልና ሚስት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ እንቆቅልሽ በተሸነፍን ቁጥር የምንሰጣት ሞጣን ነው። ሌላ አገር የሚጠራ ጠፋ። ቀጥሎማ ጭራሽ መልሱን እያወቁ መሸነፍ ጀመሩ። አንድ ጊዜ፣ «አባቷ ቤት አረንጓዴ ለበሰች፣ ባሏ ቤት ቀይ ለበሰች፣ ሰው ቤት ገብታ ሰው አስለቀሰች» አለችን። በርበሬ ነው፤ ለዚህ ፊደል አያስፈልግም። ሴቶቹ በዋዜማው በርበሬ ሲደልዙ ውለው እጃቸው ገና ያቃጥላቸዋል። በአንድ ድምፅ «አናውቅም!» አሉ። «ሞጣን ውሰጂ!» እሷም ሳቀች፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ በርበሬ ብላ ጻፈች። የሚቀር ሰው ጠፋ። እኔም ከግድግዳው ሥር ወደ መካከል ተጠጋሁ። የመጣሁት አገሬን በየበዓሉ ሲያድሉት ለመጠበቅ ነው እያልሁ። በዚያ መካከል በን አወቅሁ፣ እን አወቅሁ፣ ረን አወቅሁ። ሳላስበው ነው፤ ማንም እንዳይታዘበኝ።

ሳቅ ደግሞ ከአዳራሽ ውጭ ይሰማል። አንድ ቀን ካድሬው መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ጠየቀች፣ እኛ አናውቅም አልን፣ «ሞጣን ሰጥተንሻል!» ብለን ጮኽን። ካድሬው ተነሣ።

«ጓዶች! ምንድን ነው የሰማሁት?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ» አለችው አስተማሪዋ።

«ጨዋታ? መሬት የማን ነው? የመንግሥትና የሠፊው ሕዝብ ነው! አገር እየቆረሱ መስጠት የማን ልማድ ነው? የፊውዳል ልማድ ነው! ጉልት ነው! ወንድሞቻችን ጦር ግንባር ላይ ለአንዲት ስንዝር መሬት ይሞታሉ፣ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ አንድ ከተማ ሙሉ ትሰጣላችሁ!»

እንቆቅልሹን የሚያውቅ ሰው ነው። የገበሬ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ እሱም ስንት አገር ሰጥቶ ስንት አገር ተቀብሎ ይሆናል። ግን ሹመት ላይ ያለ ሰው ያወቀውን ማወቅ ይተዋል።

«እና የተሸነፈው ምን ይስጥ?» አለ ጎረቤቴ። አልሁ እኮ፣ እሱ ሥርዓት ይወዳል።

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «የኢምፔሪያሊስቶችን አገር ይስጥ» አለ። «አሜሪካን፣ እንግሊዝን። እናት አገርን መስጠት ግን ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። ወዳጅ አገር መስጠትም ክልክል ነው።»

«አሜሪካን የሚሉት ከደብረ ወርቅ ያልፋል?» ብላ ሚስቴ ጎኗ ያለችውን ጠየቀች፤ ቀስ ብላ የጠየቀች መስሏታል።

ጨዋታው በዚያው ሞተ። አንድ ሁለት በዓል ሞከርነው። ባልቴቲቱ «እንግሊዝን ውሰጂ ልጄ፤ ጤፍ ያብቅል አያብቅል ግን አላውቅም» አለቻት። አስተማሪዋ «ተቀብያለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ማሩም ሰፈፉም የለም። አውቆ የሚሸነፍ ጠፋ፤ ለማን ይሸነፋል? ጎረቤቴ እንቅልፉን ቀጠለ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ የአስተማሪዋ ቀሚስ ከፊት ከፍ እያለ መጣ፤ ሴቶቹ ከእኛ ቀድመው አይተውታል።

«ዝናቡ ሲገባ ትወልዳለች» አለችኝ ሚስቴ። «እናቷ ሩቅ፣ ባሏ ሞጣ። መንገዱ ከተቆረጠ ማን ገንፎ ያገነፋላት?»

«አንቺ» አልኋት።

«እኔማ አገነፋለሁ። የልጁ አባት ግን እኔ አይደለሁም።»

ግንቦት ላይ የትምህርቱ ዙር ማብቂያ መጣ። ካድሬው ከአውራጃ ትልልቅ ጓዶችን ጠርቶ አዳራሹን በባንዲራ አስጌጠ። ከእንግዶቹ ሁሉ የሚበልጡት አንድ ወፍራም ሽማግሌ ጓድ ነበሩ፤ ወንበሩ እንዳይከዳቸው እየፈሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መፈክሩ ተባለ፤ የሚወድመው ወደመ። ካድሬው ቀጠለ፦

«ጓዶች፣ በሌላ ቦታ መሃይሙ እንደ በግ እየተነዳ ነው የሚማረው። በእኛ ማኅበር ግን ትምህርት የሚጀመረው ሕዝቡን በሚያነቃ እንቆቅልሽ ነው። ይህ የራሳችን ፈጠራ ነው።»

የራሳችን ሲል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አስተማሪዋ አንገቷን ደፍታ ሰሌዳውን ትጠርጋለች፤ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።

«እስቲ ከመካከላችሁ አንድ ጓድ ይነሣና እኔን ይጠይቀኝ!» አለ።

ተነሣሁ። ሚስቴ ቀሚሴን ያዘች እንዳልል ቀሚስ የለኝም፤ ጋቢዬን ያዘች። ጋቢውን ትቼላት ሄድሁ።

«እንቆቅልህ!» አልሁት። በእንቆቅልሽ አንቱታ የለም፤ ንጉሥም ቢሆን አንተ ነው።

«ምን አውቅልህ!» አለ፣ እንግዶቹን እያየ።

«ቀኑን ሙሉ መሬት ይበላል፣ አይጠግብም። ማታ ሆዱ ባዶውን ቤቱ ይገባል።»

ወዲያው «ፊውዳል!» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«አይደለም» አልሁ። ጭብጨባው በመካከል ቆመ።

«እንዴት አይደለም? መሬት የሚበላ፣ የማይጠግብ…»

«ሆዱ ባዶ ነው ብያለሁ። ባላባት ባዶ ሆዱን ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኢምፔሪያሊዝም!»

«አይደለም።»

ካድሬው ላቡን ጠረገ። ከኋላዬ ያለው ገበሬ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ በየማለዳው ተሸክሞት ይወጣል። አንድም ሰው ግን አልተነፈሰም።

«አላወቅሁትም» አለ በመጨረሻ።

«አገር ስጠኝ።»

«አሜሪካን ሰጥቼሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። እንግዶቹ ደግሞ አጨበጨቡ።

«አልፈልግም።»

«እንግሊዝን!»

«አልፈልግም። አንተ ጓድ፣ እኔን ድሃ ገበሬውን ለኢምፔሪያሊስት ነው እንዴ የምትሰጠኝ? እዚያ ሄጄ ምን ልሁን? ማን ያነቃኛል?»

ወፍራሙ ጓድ ሳቁ፤ ወንበሩም አብሮ ጮኸ። ካድሬው ጆሮው ቀላ። «በል ሶቪየትን!»

«ወዳጅ አገር አይሰጥም ብለሃል።»

«ታዲያ ምን ይሰጥህ?»

«ሞጣን።»

አስተማሪዋ መጥረጊያውን እንደ ያዘች ቆመች። ካድሬው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በጥርሱ መካከል፣ «ክልክል ነው ብያለሁ፣ አንተ ሰውዬ» አለኝ።

«እኔ ደግሞ ሌላ አልቀበልም። እስኪመሽም ቢሆን እዚሁ እቆማለሁ።»

መቆም እችላለሁ። ሚስቴን ጠይቁ፤ በዚህ ጠባዬ ስንት ነገር አጥታለች።

«ምንድን ነው የሚንሾካሾከው?» አሉ ወፍራሙ ጓድ። «ስጠው እንጂ ጓድ፣ ጨዋታ እኮ ነው! ብትሰጣትም ሞጣ አታንስም፣ አትበዛም።»

«ሞጣን… ሰጥቼሃለሁ» አለ ካድሬው።

«ተቀብያለሁ» አልሁ። «ለራሴ ግን አይደለም፤ እኔ ከዚያው ነኝ፣ በቅቶኛል። ለአስተማሪያችን ሰጥቻታለሁ። ባሏ ሞጣ ያስተምራል፤ እሷ እንደምታዩዋት ናት። ዝናቡ ሳይገባ ትግባበት። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተሰጠውን ሰምቷል።»

ወፍራሙ ጓድ አስተማሪዋን አዩዋት። ከዚያ ካድሬውን አዩት። «ዝውውር ጠይቃለች?»

«ጥያቄው… እየታየ ነው፣ ጓድ።»

«ይታይ። ሰጥተኸዋል እኮ አሁን።»

ባልቴቲቱ እልል አለች። እሷ ስታቀልጠው ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ካድሬው ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሊጀምር ቢሞክርም እልልታውን ማን ያሸንፈዋል?

«ቆዩ፣ ቆዩ!» አሉ ወፍራሙ ጓድ። «መልሱስ?»

«ማረሻ ነዋ» አልኋቸው።

አስተማሪዋ ዞረችና ሰሌዳው ላይ ማረሻ ብላ ጻፈች። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረባት። ለእኛ የጻፈችልን የመጨረሻ ቃል ይህች ናት።

ሰኔ ሳይጋመስ በጭነት መኪና ሄደች። ሾፌሩ አጠገብ አስቀመጧት፤ በጆንያው ላይ የተቀመጠው ሊወስዳት የመጣው ባሏ ነው። ሴቶቹ በሶና ቅቤ ቋጠሩላት። እኔ ከሩቅ ቆሜ አየሁ፤ ስንብት አልወድም።

ካድሬው ቂም የሚረሳ ሰው አይደለም፤ ግን ብልህ ነበር። እኔን አላሰረኝም፣ አልገሠጸኝም። በሚቀጥለው ዙር ሕዝብ ፊት አቁሞ «ይህ ጓድ ድምፁ ጥሩ ነው» አለና የመፈክር አስጀማሪ አድርጎ ሾመኝ። በየበዓሉ ግራ እጄን ሰቅዬ ሁሉን ነገር ሳወድም ከረምሁ። በአስተማሪዋ ቦታ የመጣው ሰውዬ ደግሞ እንቆቅልሽ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መፈክሩ እንዳለቀ ገበታውን ሰቅሎ በዘንግ መምታት ነው። እኔ አነቃለሁ፣ እሱ ያስተኛል። ጎረቤቴ ከእኛ ከሁለታችንም ደስተኛ ነበር።

ፊደሌም እዚያው ላይ ቆመ። እሷ በእንቆቅልሽ ያስገባቻቸው ሁሉ እስከ ዛሬ አሉ፤ ይህንንም የምጽፈው በእነሱ ነው። በመፈክር የመጡት አልተቀመጡልኝም። ከላይ ኢምፔሪያሊዝም የሚለውን የጻፍሁት ተከራዬን ጠይቄ ነው። በዕድሜዬ የዚያን ያህል የጮኽሁት ቃል የለም፤ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አላውቅም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የዚያው የጭነት መኪና ሾፌር ገበያ ላይ ፈልጎ አገኘኝ። «የሞጣው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። «አስተማሪዋ ሴት ልጅ ወልዳለች። ለጋሼ፣ ሞጣ ደኅና ናት በልልኝ ብላለች።»

ቀኑ በዓልም ነበርና ማታ ከአዳራሹ ስንመለስ፣ ጉሮሮዬ በመፈክር ነቅቶ፣ ይህን ለሚስቴ ነገርኋት። ደስ አላት፤ ግን ደስታዋን እንኳ ያለ ነገር አታሳልፈውም።

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አለች። «ያለህን አንድ አገር ሰጥተህ ጨረስህ።»

«ቢቸና አለልኝ» አልኋት።

«ቢቸና የእኔ ናት» አለች ሚስቴ። «ለአንተ ማን ሰጠህ?»